ግራጫ ገበር የለበሰው መጽሐፍ

አክስቴ ቀናተኛ ናት። ስለሷ ላወራ ከተነሳሁ ከዚህ ካልጀመርኩ ወሬው ጨው የለውም። በባሏ አትቀናም። እሱ ራሱ "ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትቀኚብኝ፣ እኔም ሰው ነኝ ብዬ እኮራ ነበር" እያለ ያሾፍባታል። በልብስም አትቀናም። ጎረቤት አዲስ ሶፋ ሲያስገባ ሁሉም በር ላይ ወጥቶ ሲያይ እሷ ዞር ብላ አታይም። አክስቴ የምትቀናው በመጽሐፍ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው እሷ የማታውቀውን መጽሐፍ ይዞ ካየች በቃ፣ መውረጃችንን አልፈን ሄድን ማለት ነው። አንገቷን ታስረዝምና በሰውየው ትከሻ ላይ ማንበብ ትጀምራለች። አንዴማ ሰውየው ገጹን ሊገልጥ ሲል እሷ ገና ስላልጨረሰች "ቆይ እንጂ!" ብላ ጮኸችበት። ሰውየው ደንግጦ ገጹን መለሰላት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መጽሐፍ ስትመርጥ ደሞ ልታዩዋት ይገባል። የምትገዛው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ላስቲክ አንጥፎ የሚደረድር ሰውዬ አለ። አክስቴ ሽፋኑን አታይም። "ሽፋን ልብስ ነው፣ ልብስ ደግሞ እኔው ነኝ የምሰፋው፣ እኔን አያታልለኝም" ትላለች። የምታየው የገጾቹን ጠርዝ ነው። መጽሐፉን ጨብጣ ጎኑን ወደ ብርሃን ታዞረዋለች። መጀመሪያው አካባቢ በሰው ጣት ጠቁሮ መጨረሻው ነጭ ከሆነ ትመልሰዋለች። "ይሄን ሁሉም ጀምሮ ጥሎታል" ትላለች። እስከ መጨረሻው እኩል የጠቆረ ካገኘች ግን ዓይኗ ይበራል። ከዚያ መሃሉን ትገልጥና ቆማ አንድ ገጽ ታነባለች። እዚያ ገጽ ላይ ያለው ሰው መጽሐፉን ከዘጋች በኋላም ካሳሰባት፣ ገዛችው።

ቤቷ ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አላት። ለሰሀን ተብሎ የተገዛ ነው። ሰሀኖቹ አሁን አልጋ ስር ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ መስታወቱ ውስጥ የተቀመጡት መጽሐፎች ናቸው። ሁሉም ግን አይገቡም። "የትኛው ነው የሚቀመጠው?" ብዬ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ሌላ ሰው እጅ ላይ ሳየው ሆዴን የሚቆርጠኝ ከሆነ ይቀመጣል። ካልቆረጠኝ ይሂድለት።" በቃ ይሄ ነው መለኪያዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበውን ሰው ታያለች፣ "ይሄ እድለኛ፣ ገና ምንም አያውቅም" ትልና ትቃጠላለች።

የምንሰራው ስፌት ቤት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል ጋውን፣ የሆቴል መጋረጃ፣ የመጣውን እንሰፋለን። አክስቴ ሱሪ ላይ ናት፣ እኔ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው ኦቨርሎክ ማሽን ላይ ነኝ። እኔ አክስቴ ስላት ሁሉም ሰምቶ "አክስቴ" ይላታል፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ዚፕ የምትገጥመው ሴትዮ አለች፣ እትዬ ዚፕ ነው የምንላት። ስሙ የወጣላት በስራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሷ አፍ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። ጨርቅ ቆራጩ ደግሞ ጋሼ መቀስ ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ነው፣ ግን ልቡ ጥሩ ነው።

አለቃችን አንድ ቀን መጣና "ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ እንዳላይ" አለ። እውነቱን ነው፣ በሻይ ሰዓት የጀመርነውን ከሻይ ሰዓት በኋላም አንለቀውም ነበር። አክስቴ ምን አደረገች? መተርተሪያዋን አነሳችና የመጽሐፉን ጀርባ ልክ እንደ ሱሪ ስፌት ፈታችው። አራት ቦታ ከፈለችው። ጋሼ መቀስ ጠርዝ ጠርዙን ከረከመላት፣ የሽርጣችን ኪስ እንዲበቃው። የገጽ ቁጥሩም አብሮ ተከርክሞ ሄደ፣ ግን ለልብ ወለድ ማን የገጽ ቁጥር ይፈልጋል? ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በቁርጥራጭ ጨርቅ ሸፈነችና ሰፋችው። የመጀመሪያው ክፍል ጥግ ላይ አንድ የክር ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እያለ እስከ አራት። አንድ መጽሐፍ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይለብሳል፤ አበባ ያለው የመጋረጃ ጨርቅ ያየ ሰው "ይሄ የነጋዴው ታሪክ ነው" ብሎ ያውቃል። አለቃችን ሲያልፍ ኪሳችን ውስጥ ያለው የመርፌ መሰኪያ ይመስለዋል።

በተራ ነው የምናነበው። አክስቴ አንደኛውን ክፍል ጨርሳ ለእትዬ ዚፕ ትሰጥና ሁለተኛውን ትይዛለች። ከእትዬ ዚፕ ወደ ጋሼ መቀስ፣ ከጋሼ መቀስ ወደ እኔ። ሁሉም አንብቦ ሲያበቃ አክስቴ አራቱን መልሳ አንድ አድርጋ ትሰፋና ለፈለገው ትሰጣለች። ያኔ አንዱ ይነሳና "አክስቴ፣ ቀጥሎ ምን እናነባለን?" ይላታል። ይቺን ጥያቄ ስትሰማ ፊቷን ብታዩት! መርፌዋን ጨርቁ ላይ ትሰካለች፣ ሳል ሳል ትላለች፣ ወገቧን ታቀናለች። ለአክስቴ ይቺ ጥያቄ ከደሞዟ ትበልጣለች። ስፌት ቤቱ የአለቃችን ነው፣ መጽሐፉ ግን የሷ ነው።

ታዲያ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰራ የነበረችው ሴትዮ ለቀቀችና አንዲት አዲስ ሴትዮ ተቀጠረች። "አዲሷ" አልናት፣ እስከ ዛሬም አዲሷ ናት። ከአክስቴ ጋር እኩያ ናት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከቦርሳዋ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች። ያልተቆረጠ! ሙሉ! በአንድ እጇ እየበላች በአንድ እጇ ማንበብ ጀመረች። አክስቴን አየኋት፣ አንገቷ መርዘም ጀምሯል።

"ምንድን ነው የሚያነቡት?" አለቻት።

ይሄን ማወቅ አለባችሁ፦ አክስቴ ሰው የምታከብረው "አንቺ" ብላ ነው። "እርስዎ" የምትለው ያልወደደችውን ሰው ነው። በሰላሳ ዓመት ትዳሯ ባሏን "እርስዎ" ያለችው መጽሐፏ ላይ ሻይ የደፋ ቀን ብቻ ነው።

"የአንድ ዳኛ ታሪክ ነው" አለች አዲሷ። "ልጁ በሌብነት ትከሰሳለች። ጉዳዩ ደግሞ የሚቀርበው እሱ ዘንድ ነው፣ ልጁ መሆኗን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።"

እትዬ ዚፕ ማንኪያዋን ጣለች። "በገዛ አባቷ ፊት? ኧረ በሞትኩት! ፈረደባት?"

"አልነግርሽም" አለች አዲሷ ፈገግ ብላ።

"በቃ ቀጣዩ ይሄ ነው!" አለች እትዬ ዚፕ። ጋሼ መቀስም ራሱን ነቀነቀ።

አክስቴ ሳል አለች። "እኔ እኮ ቀጣዩን ገዝቻለሁ። የጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነው፣ በጣም…"

"ያንቺ የት ይሄዳል አክስቴ፣ ይደርሳል" አሏት።

ይደርሳል! ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ይቺኑ ቃል ስታላምጣት ነበር። "ይደርሳል አሉኝ። ሰማሻቸው? ይደርሳል! የኔ መጽሐፍ የወረፋ ውሃ ነው እንዴ?"

በነጋታው አዲሷ መጽሐፏን ይዛ አክስቴ ጠረጴዛ ጋ ቆመች። መቁረጡን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። አክስቴ ተስፋ አደረገች። "ካልፈለጉ ይቅር፣ እኛ ሰው አናስገድድም" አለች በማር አንደበት። አዲሷ ትንሽ አሰበችና "እሺ፣ ግን ሙሉ ሆኖ ይመለስልኝ" አለች።

"በእኔ እጅ ገብቶ የጎደለ መጽሐፍ የለም" አለች አክስቴ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

እንግዲህ ቅናት ምን እንደሚያሰራ ተመልከቱ። ለሷ ምርጫ ሁልጊዜ የሚያምር ጨርቅ ነው የምትፈልገው። ለአዲሷ መጽሐፍ ግን የሱሪ ኪስ ገበር አነሳች፣ ግራጫውን፣ ያንን ሲያዩት የሚያስተኛውን። "ሌላ ቁራጭ የለም" አለች። ጠረጴዛዋ ስር ያለው ካርቶን በቀይ ጨርቅ ሞልቶ ሳለ! በዚያ ላይ ደሞ የራሷን ጀልባ ቀዛፊ በጎን መስፋት ጀመረች። የዳኛው ነገር እንዳለቀ ወዲያው ልታቀርበው ፈልጋለች፣ ሌላ ሰው ሌላ መጽሐፍ ይዞ እንዳይመጣ። ሁለት መጽሐፍ ባንዴ እየሰፋች እንደሆነ ሰው እንዳያይባት ለሱም ያንኑ ግራጫ ገበር አለበሰችው። ጠረጴዛዋ ላይ ያየ ሁሉ የአዲሷ ይመስለዋል ብላ ነው። ሰፍታ ስትጨርስ የራሷን አራት ክፍል ቤት ወስዳ አልጋ ስር፣ የሰሀን ካርቶኑ ውስጥ ደበቀች። ስምንት ግራጫ ነገር፣ ሁለቱ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለቱ ሁለት ቋጠሮ… ገባችሁ አይደል? እሷ ግን አልገባትም። የተናደደ ሰው እጁ ይሰራል እንጂ ዓይኑ አያይም።

ንባቡ ተጀመረ። አክስቴ እንደ ወጉ አንደኛ ናት። አንደኛውን ክፍል ስታነብ ከጎኗ ነበርኩ፣ መጀመሪያ አፏን ጠመም አድርጋ ነበር የያዘችው። ትንሽ ቆይቶ አፏ ተቃና። ትንሽ ቆይቶ ሻይዋ በረደ። መጽሐፉ ጥሩ ነው! ይሄ ነው የገደላት። መጥፎ ቢሆንላት እኮ ትሞት ነበር በደስታ።

"እንዴት ነው አክስቴ?" ትላታለች እትዬ ዚፕ።

"ምንም አይል።"

"ታዲያ ለምን አትለቂውም? ሳምንት ያዝሽው እኮ!"

"ህትመቱ ደቃቅ ነው፣ ዓይኔን አመመኝ።"

ውሸቷን ነው፤ ሁለቴ አንብባዋለች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ክፍል የሚያልቀው ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ሲቆም ነው፣ ልጅቷ ቀና ብላ ታየዋለች፣ በቃ እዚያ ላይ ያልቃል። አክስቴ አራተኛውን ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አወጣች። ሁላችንም እያየናት ነው። አዲሷም ከቁልፍ ማሽኗ ጀርባ ቀና ብላ እያየቻት ነው። ታዲያ ምን ነካት መሰላችሁ፣ ጎሮሮዋን ጠረገችና ክፍሉን ሳትገልጠው ለእትዬ ዚፕ ወረወረችላት። "እኔ ይብቃኝ። መጨረሻውን ለማወቅም አልጓጓም" አለች።

ኩራት! ምሳዋን አልበላችም ያን ቀን። ማታ ባሏ "ምን ሆንሽ?" ቢላት "ፈርዶባት ይሆን?" አለችው። ምስኪን፣ ማን በማን ላይ እንደፈረደ አያውቅም፣ "ይግባኝ ትጠይቅ" አላት።

እትዬ ዚፕ አራተኛውን አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር። እሷ ዝም ስትል ይታያችሁ! ለጋሼ መቀስ ሰጠችው። እሱም ጨረሰ፣ እሱም ዝም። ለእኔ ገና አልደረሰኝም። በመጨረሻ ሻይ ሰዓት ላይ እትዬ ዚፕ አላስችል አላት።

"ጋሼ፣ መጨረሻውን እንዴት አየኸው?"

ጋሼ መቀስ መነጽሩን አወለቀ። አላውቅም ማለት ለሱ ሞት ነው። "ጥልቅ ነው" አለ።

"እኔም ጥልቅ ነው ብያለሁ" አለች እትዬ ዚፕ ቶሎ ብላ። "ግን ዳኛው…"

"ዳኛው ስራውን ለቆ ጀልባ ቀዛፊ ሆነ። ህሊናው አላስቀምጥ ብሎት። ደራሲው በግልጽ አይነግርሽም፣ አንቺ ነሽ የምትደርሺበት።"

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷ ጀልባዋ ናት። ምሳሌ ነው።"

"እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ" አለች። "ድልድዩ ተሰርቶ የሚሻገር ሰው ሲያጣ ጀልባውን ብቻውን እያጠበ የሚያወራላት ነገር ግን… ኧረ እኔስ አልቅሻለሁ! እንዲህ ያለ መጨረሻ በዕድሜዬ አላነበብኩም። ተባረኪ አዲሷ፣ አንቺ መምረጥ ታውቂያለሽ!"

አክስቴ ካውያ እንደነካት ሰው ብድግ አለች። ጀልባ፣ ድልድይ፣ ጀልባውን ማጠብ። የሷ ጀልባ ቀዛፊ! ቆማ ያነበበችው ገጽ፣ ለዚያ ብላ የገዛችው! ዞር ብላ አዲሷን አየቻት። አዲሷ ሻይዋን ይዛ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ምስጋናውን እየተቀበለች ተቀምጣለች።

"አሞኛል" አለችና ሽርጧን አውልቃ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ። ቤት ስንደርስ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፣ የሰሀን ካርቶኑን ከአልጋዋ ስር ጎትታ ከውስጡ የራሷን ግራጫ አራተኛ ክፍል አወጣች። ገለጠችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ወረቀቱን ዘርግቷል።

"አክስቴ፣ ተቀያየረብሽ እኮ!" አልኩ።

"ዝም በይ" አለችኝ፣ ተናዳ እንዳይመስላችሁ፣ እያነበበች ስለሆነ ነው። ቆማ ጀመረች፣ ከዚያ ግድግዳ ተደገፈች፣ ከዚያ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች፣ ሰሀኖቹ ከስሯ ቀጭ ቀጭ አሉ። ጨርሳ ስትዘጋው እንባዋን በሽርጥ ልትጠርግ ፈለገች፣ ሽርጡ የለም። ከዚያ በኋላ ነው መናደድ የጀመረችው፣ በደንብ። "እነሱ በኔ ጀልባ ቀዛፊ አልቅሰው እሷን ያመሰግናሉ! ይሄን የመሰለ መጨረሻ ደሞ እኔው ሰፍቼ እኔው አልጋ ስር ደብቄዋለሁ!"

"ንገሪያቸዋ።"

"ምን ልበላቸው? መስፋት አልችልም ልበላቸው? ሙሉ ሆኖ ይመለሳል ብዬ ሁሉም ፊት ተናግሬ? ሱሪ ላይ የግራ እግር በቀኝ የሰፋሁ ቀን ይሻለኛል።"

አያችሁ ጭንቋን? ብትናገር እጇ ይሰደባል። ዝም ብትል ምርጫዋ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ቀን ለማንም ሳትነግር ሰራች። የሰፋችው ሱሪ ሁሉ ከወትሮው ይልቅ ጠበቅ ያለ ነበር፣ ክሩን እንደ ጠላት ነው የምትጎትተው። ከዚያ ጓሮ ቧንቧው ጋ፣ እኔ ብርጭቆ ሳጥብ አክስቴ እጇን ስትታጠብ፣ አዲሷ መጣችና አጠገቧ ቆመች።

"የኔ ዳኛ የት ገባ?" አለቻት ቀስ ብላ።

"የቱ ዳኛ?"

"አክስቴ፣ እኔ ያንን መጽሐፍ ሁለቴ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ውስጡ ጀልባ የሚባል ነገር የለም። ያ ሰውዬ የማን ነው?"

አክስቴ ልትክድ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። "የኔ ነው! እኔ ነኝ የመረጥኩት!"

"ጠርጥሬ ነበር" አለች አዲሷ። ቧንቧውን ዘጋችው። "ታውቂያለሽ፣ እነሱ 'መጨረሻው፣ መጨረሻው' ባሉ ቁጥር አንጀቴ ሲያርር ነው የሰነበተው። ሦስቱን ክፍል ማንም አላነሳልኝም። ያ ሁሉ ዳኛ፣ ያ ሁሉ ችሎት፣ ገደል ገባ። የተመሰገንኩት በሰው ነገር ነው።"

አክስቴ አፍጥጣ አየቻት። "አንቺም ትቀኛለሽ?" አለቻት። አንቺ! እኔ ብርጭቆው ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር።

"ሰው አይደለሁ?"

"እኔ እኮ ዝም ብለሽ ስትመሰገኚ ደስ ያለሽ መስሎኝ…"

"በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች አዲሷ። "ንገሪያቸው። እኔ ብናገር ላሳጣሽ የፈለግኩ ይመስላቸዋል። ካልተናገርሽ ግን ጀልባ ቀዛፊሽ የኔ ሆኖ ይቀራል፣ እወቂው።"

አክስቴ "አስብበታለሁ" አለች። ያሰበችበት ግን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ምሳ ላይ ጋሼ መቀስ ተነስቶ እንደ ስብሰባ እጁን አነሳ።

"እንግዲህ ለዚህ መጽሐፍ የሚገባው ክብር ይሰጠው። አዲሷ ከዛሬ ጀምሮ መራጫችን ትሁን ባይ ነኝ። እንዲህ ያለ ጀልባ ቀዛፊ ያመጣችልን ሴት…"

"ጀልባ ቀዛፊው የኔ ነው!"

ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው የቁልፍ ሳጥኑ ተገልብጦ ቁልፉ ሁሉ መሬት ላይ ተንከባለለ። አክስቴ ከኪሷ አራተኛውን ክፍል አወጣች፣ እውነተኛውን። "የዳኛው መጨረሻ ይሄ ነው! እናንተ ያነበባችሁት የኔን ነው፣ እኔ የገዛሁትን፣ እኔ የመረጥኩትን! ተሳስቼ ነው የሰፋሁት። በቃ! ሁለቱንም ገበር አልብሼ ተቀላቀለብኝ። ስደቡኝ፣ ግን ሰውዬውን መልሱልኝ!"

ከዚያ እትዬ ዚፕ ቀስ ብላ ወደ ጋሼ መቀስ ዞረች።

"እና ዳኛው ጀልባ ቀዛፊ አልሆነም?"

"እኔ እኮ…"

"ልጅቷ ጀልባዋ ናት ያልከኝስ?"

"የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት!" አለ ጋሼ መቀስ ጆሮው ቀልቶ። "አንቺስ ጥልቅ ነው አላልሽም?"

"ጥልቅ ነው ያልኩት አንተ ስላልክ ነው!"

ሳቁ ሲፈነዳ አለቃችን ከቢሮው ብቅ ብሎ "ምን ተገኘ?" አለ። "ምንም፣ ቁልፍ ወድቆ ነው" አልነው። እትዬ ዚፕ እንባዋን እየጠረገች "እሺ አሁን ንገሩኝ፣ ፈረደባት?" ስትል አክስቴና አዲሷ እኩል "አንነግርሽም!" አሏት። ክፍሉን ለመንጠቅ ግፊያ ሆነ።

አክስቴ ያኔ ያሸነፈች መስሏት ወገቧን አቅንታ ተቀመጠች፣ ያቺን ጥያቄ ልትጠብቅ። ጥያቄዋም መጣች። "ቀጥሎ ምን እናነባለን?" አለች እትዬ ዚፕ። ዓይኗ ግን ወደ አዲሷ ነበር።

"ጀልባ ቀዛፊው አለ አይደል?" አለች አክስቴ።

"የሱን መጨረሻማ አወቅነው!" አለ ጋሼ መቀስ። "መጨረሻውን እያወቀ ማን ከመጀመሪያው ይጀምራል? ለዚህ ጥፋትሽ የሚቀጥለውን አዲሷ ትምረጥ። አንቺ ስፊ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ።"

የገዛ እጇ የገዛ መጽሐፏን እንዳበላሸባት ያኔ ነው የገባት። ፊቷ እንዴት እንደወደቀ አልነግራችሁም። አንድ ሰው ብቻ እጁን ዘረጋ፣ አዲሷ። "እኔ የጀልባ ቀዛፊውን አራተኛ ክፍል አላነበብኩትም፣ ወሬውን ብቻ ነው የሰማሁት። ከአንድ ቋጠሮ ልጀምር፣ ስጪኝ" አለች። አክስቴ በነጋታው ከቤት አምጥታ ሰጠቻት። ሰጥታትስ ዝም አለች? የሱሪ እግር እየሰፋች በየደቂቃው ቀና ብላ ታያታለች። "ድልድዩ ጋ ደረሰች… አልደረሰችም… እይዋት፣ ሳቀች! ምኑ ጋ ነው የሳቀችው? እዚያ ጋ የሚያስቅ ነገር አለ እንዴ?" ትለኛለች። ቅናቱ ያው ነው፣ መቀመጫ ብቻ ነው የቀየረው።

የአዲሷ ምርጫ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው አክስቴ "ክር ልግዛ" ብላ ከስራ ቀደም ብላ ወጣች። ክር መሳቢያው ሙሉ ነው። ተከተልኳት። በቀጥታ ወደ መጽሐፍ ሻጩ።

"ያቺ ረጅሟ ሴትዮ መጥታ ነበር?" አለችው፣ አንዱን መጽሐፍ ዝም ብላ እያገላበጠች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል እንደሚጠይቅ ሰው።

"ትናንት መጥታ ነበር።"

"ምን ገዛች?"

"እንዳልነግርሽ አስምላኛለች።"

"አስማለችህ! ጉድ በል! እኔ አስር ዓመት ሙሉ ደንበኛህ ሆኜ?"

ሰውየው ሳቀ። "እሷ ደሞ አንቺ ምን እያየሽ እንደሄድሽ ስትጠይቀኝ ነው ያመሸችው።"

አክስቴ እጇ ላይ ያለውን መጽሐፍ አቆመችው። "ስለኔ? እሷ?"

"የትኛውን አንስታ መለሰች፣ የትኛው ላይ ቆየች፣ እያለች ልቤን አደረቀችው።"

አክስቴ ፈገግታዋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልተዋጠም። "ምን አልካት ታዲያ?"

"ምንም አልነገርኳትም።"

"ጎበዝ!" አለችው። ከዚያ ላስቲኩ ዳር ቁጢጥ አለች፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንስታ ጎኑን ወደ ብርሃን አዞረችው፣ መለሰችው፣ ሁለተኛውን አነሳች። ሰውየው እቃውን ሊሰበስብ ሲጀምር "ቆይ እንጂ፣ ገና ነኝ" አለችው፣ እኔንም ቀና ብላ ሳታየኝ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ እመጣለሁ" አለችኝ።